የዓሣ አስጋሪው ጽዋ

አስረስ የሚካኤልን ጽዋ ያነሣው በስህተት ነው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከውሃው ዳር ባለው ሰፈር፣ ዐሥራ ሁለት ቤተሰቦች የሚጠጡት የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አለ። ወር በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ይባርካሉ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ደጅ የቆመ ችግረኛ ካለም አብሮ ይቋደሳል። መጨረሻ ላይ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለችው የሸክላ ጽዋ ለቀጣዩ ተረኛ ትሰጣለች። የተረከበ ሰው ወር ሙሉ ቤቱ ያሳድራታል፤ ቀኑ ሲደርስ እንደ አቅሙ ይደግሳል። አስረስ የማኅበሩ አባል ከሆነ ገና ሦስት ወሩ ነበር። የገባውም ልጅ ሳይወልድ የሞተውን አጎቱን ተክቶ ነው።

ለሌሎቹ ወራት ተራው የታወቀ ነው። የኅዳሩ ግን ዓመታዊ በዓል ስለሆነ የራሱ ወግ አለው። ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ቀን የማኅበሩ ካህን መምሬ አድማሱ ጽዋዋን ከፍ አድርገው፣ ለኅዳር የሚረከበው ማን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ማንም አይንቀሳቀስም። በመልአኩ ፊት ለክብር መሽቀዳደም ነውር ነውና ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። በሦስተኛው ላይ አስቀድሞ የተስማሙበት ሰው ይነሣል። በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት የተስማሙት በእትዬ ደብሬ ነበር። ይህን ለአስረስ የነገረው የለም። ሊደብቁት ፈልገው አይደለም፤ ዓሣ አስጋሪ ለኅዳር ይነሣል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ነው።

መምሬ አንደኛውን ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። አስረስ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ያጎነበሱትን ራሶች አንድ በአንድ አየ። ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መሰማት የጀመረበት ሰሞን ነበር። ሰው ሁሉ ነገን ፈርቶ መልአኩን ያለ ተቀባይ ሊያስቀረው መሰለው። በሰው መሀል ድምፁን አሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ሳያስበው ተነሣ፤ መሀል ቤት ደረሰ፤ ጽዋዋን በሁለት እጁ ተቀበለ።

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እትዬ ደብሬ ግን ቃል አላነሳቸውም።

«እስከ ዛሬ ጽዋችን ጠላ ጠላ ነበር የሚሸተው» አሉ ለጎረቤታቸው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። «እንግዲህ በዓሣ አስጋሪው እጅ ቆሮሶ ቆሮሶ ሊሸት ነው።»

ያኔ ሳቁ። አስረስ ፊቱ ጋለ። የሠራው ስህተት ምን እንደሆነ የገባው አጠገቡ ያለው ሰውዬ በጆሮው ሲነግረው ነው። ጽዋዋን ሊመልስ ወደ መምሬ ዘረጋ። መምሬ አድማሱ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። አንዴ የተነሣ ጽዋ ወደ ኋላ አይመለስም አሉት፤ ደግሞም ከዚያ ሁሉ ሰው ቀድሞ የተነሣው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ነገሩት። አስረስ ምክንያቱ ድንቁርናው ብቻ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እትዬ ደብሬ የተቆጡት በከንቱ አልነበረም። ከአስፋልቱ ዳር ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት አላቸው። እህል ነግደው ልጅ አሳድገው፣ ልጆቹን አዲስ አበባ ልከው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ለዚያ ኅዳር ጌሾው ተወቅጧል፤ ሁለት በግ ታስሯል። አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለእስላሙ ጎረቤት፤ አንዱ በዚህ ቢላ፣ ሌላው በዚያ ቢላ ታርዶ፣ በሁለት ድስት ተሠርቶ፣ በሁለት ድንኳን የሚበላ ነው። የእሳቸው ድግስ እንዲያ ነበር የሚታወቀው።

አስረስ ቤቱ ሲገባ፣ እንጉዳይ የምትባለው ሚስቱ በእጁ የያዘውን ጽዋ አይታ ቁጭ አለች።

«የኅዳሩን?» አለችው።

«የኅዳሩን።»

ትንሽ አሰበችና ሳቋ መጣ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጽዋዋን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። የሰፈሩ ሰው ዓሣውን ይበላል እንጂ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ግን ዐሥራ አንዱም ቤተሰብ በዚያች ደጅ አጎንብሶ ሊገባ ነው። አስረስ በማግስቱ ያለውን ሁሉ አሟጦ በግ ገዛ። ማታ ማታ ሲጸልይም የሚለምነው አንድ ነገር ነበር፤ በእትዬ ደብሬ ፊት እንዳያፍር።

ወሩ ሳያልቅ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። አንድ ቀን ሙሉ መንገዱ ወደ ደሴ በሚሸሽ ሰው ተጥለቀለቀ። ከዐሥራ ሁለቱ ቤተሰብ ሰባቱ ሄዱ። እንጉዳይም ሻንጣ አስራ ነበር። ጽዋዋን ይዘው እንዲሄዱ ነገረችው፤ መልአኩ ደሴም ቢሆን መልአክ ነው አለችው። አስረስ ደጁ ላይ ቆሞ መንገዱን ሲያይ ቆየና፣ «ይዘናት ብንሄድ ከማን ጋር እንጠጣታለን?» አላት። እንጉዳይ ሌሎቹን የቀሩትን አራት ቤተሰቦች አሰበችና ሻንጣውን መልሳ ፈታችው።

ታጣቂዎች ከተማዋን በያዙ በሦስተኛው ቀን ቤት ለቤት ፈተሹ። በጉን ወሰዱት፤ ጤፉንም ወሰዱት። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሻሽ ፈትተው ሸክላ መሆኑን ሲያዩ መልሰው አስቀመጡት። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አጥቶ ተዘጋ፤ ገበያው የሚገዛም የሚሸጥም አጣ። ሐይቁም ተከለከለ። ሰው በውሃ እንዳይሻገር ብለው ጀልባዎቹን አንድ ቦታ ሰብስበው በሰንሰለት አሰሯቸው፤ ውሃው ላይ የታየ እንደሚመታም አስታወቁ።

አንድ ታንኳ ግን አላገኙም። የአስረስና የሀምዳን ነበረች። ሀምዳን ሳዑዲ ስድስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ ቤቱ ከአስረስ ቤት ጋር አንድ አጥር የሚጋራ የሥራ ባልደረባው ነው። ሁለቱ በበጋ ፀሐይ እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው ታንኳቸውን ድንጋይ ሞልተው ውሃ ውስጥ ያሰምጧት ነበር። የመሣሪያው ድምፅ ሲቃረብ ያንኑ አደረጉ። ከቄጠማው መሀል ሰጠመች፤ ከላይ የሚታይ ነገር አልነበራትም።

ኅዳር ዘጠኝ ቀን መምሬ አድማሱ መጡ። ከስተው ነበር። የተሰጣቸውን ውሃ ጠጥተው ትንሽ ዐርፈው የመጡበትን ተናገሩ። በዚህ ዓመት ማንም ከማንም ድግስ አይጠብቅም፤ ለታኅሣሥ ወይም ለጥር እናቆየዋለን፤ አንተ ላይ የሚፈርድ የለም አሉት።

አስረስ እፎይ ማለት ነበረበት። አላለም።

«አባ፣ ከዚህ በፊት ቀርቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃቸው።

ቀርቶ አያውቅም አሉ መምሬ። በሰባ ሰባቱ ረሀብ እንኳን አልቀረም። ያኔ የኅዳሩ ተራ የደረሳት ደብሬ ነበረች፤ አዲስ ሙሽራ። ለዘር ካስቀመጠችው ባቄላ አንድ ቁና ቆልታ ለእያንዳንዱ ሰው እፍኝ እፍኝ ሰጠች። ጽዋዋ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው።

«ይህን እሳቸው ነግረውኝ አያውቁም» አለ አስረስ።

«ለማንም አትነግርም።»

መምሬ ከሄዱ በኋላ አስረስ ብዙ ተቀመጠ። እስከዚያ ቀን የሚያስጨንቀው ኀፍረቱ ነበር፤ ጽዋው በዓሣ አስጋሪው ደጅ ተሰናከለ መባሉ። ኀፍረቱ አሁንም አለ። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነቃ። ሰው እየሞተ ያላቋረጠው ነገር በእሱ እጅ ሊቋረጥ ነው። አንዲት ሙሽራ የዘር ባቄላዋን የቆላችለት ነገር ነው።

አጥሩን ተሻግሮ ሀምዳንን አገኘው። የነገሩን ክብደት ሊያስረዳው ሲጀምር ሀምዳን አቋረጠው። የኅዳር ሚካኤልን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በእትዬ ደብሬ ድንኳን ስንት ጊዜ በልቷል።

«ምን አለህ?» አለው ሀምዳን።

«ምንም። እንጉዳይ የደበቀችው ትንሽ በቆሎና ማሽላ አለ፤ ለንፍሮ ይሆናል።»

«እንግዲያው አለህ። ንፍሮው አንድ፤ ሐይቁ ሁለት።»

«የታየ ይመታል ብለዋል።»

«አንተን ማን ያይሃል አያ አስረስ? ማኅበር መሀል ተቀምጠህ እንኳን ሳይነግሩህ የሚያልፉህ ሰው ነህ።»

አስረስ ሳይወድ ሳቀ። ሀምዳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። በኅዳር ጎህ ሲቀድ ውሃው ላይ ጉም ይተኛል፤ ፀሐይ ሞቅ እስክትል አይነሣም። በዚያ መሀል መረብ ጥሎ መመለስ ይቻላል። በዓሉ የሚውለው እሑድ ነው፤ ያን ቀን አስረስ ሥራ አይሠራም፤ ስለዚህ ዐርብ ይሁን። ዓሣውን አሮጌ መረብ ውስጥ አድርገው ከነሕይወቱ ቄጠማው ውስጥ ያቆዩታል፤ እሑድ ጠዋት አስረስ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ሀምዳን ያወጣዋል። ሁሉን አስቦት ነበር።

ለአስረስ ግን አንድ ነገር አልተዋጠለትም። ዓሣ ቶሎ የሚያዘው መረቡን ግማሽ ክብ አድርጎ ጥሎ ውሃውን በመቅዘፊያ በመደብደብ ነው። ዓሣው ከድምፁ ሲሸሽ መረብ ውስጥ ይገባል። ድምፁ ግን ውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል። ጉም ዐይን ይጋርዳል እንጂ ጆሮ አይጋርድም።

«አብሽር» አለው ሀምዳን። «አላህ ያውቃል።»

ዐርብ ሰማዩ ገና ሲገረጣ የታንኳዋን ድንጋይ አራግፈው አወጧት። ጉሙ እንደተባለው ወፍራም ነበር፤ አስረስ ከፊት ተቀምጦ ከኋላው ያለው ሀምዳን አይታየውም። ተንሳፍፈው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቅጣጫ ራቅ አሉና መረቡን ጣሉ። ከዚያ መቅዘፊያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሁለቱም ለመምታት እጃቸው እንቢ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ አስረስ አይቶ አያውቅም። ከዳር ካለው የጥበቃ ቦታ አንድ ሰው ሲያስል እንኳን ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ያኔ የሐይቅ እስጢፋኖስ ደወል ተደወለ። በየማለዳው ለኪዳን ጸሎት የሚደወል ነው። አስረስ ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶታል፤ ግን እንደ ሥራ መጀመሪያ እንጂ እንደ ሌላ ነገር ሰምቶት አያውቅም። የመጀመሪያው ድምፅ ውሃው ላይ ተንከባሎ ሲመጣ ከኋላው የሀምዳን መቅዘፊያ ውሃውን ሲመታ ሰማ። ሁለተኛው ሲመጣ እሱም መታ። ደወሉ ሲመታ ይመታሉ፤ ሲያርፍ ያርፋሉ። ጥበቃው ከደወሉ በቀር የሚሰማው ነገር አልነበረም።

ደወሉ አበቃ። ሀምዳን ግን ሳያስበው አንድ ጊዜ ጨምሮ መታ።

ጥይቱ ወዲያው ተተኮሰ። የት እንዳለፈ አላዩትም፤ ሲያፏጭ ብቻ ሰሙት። ሁለቱም ታንኳዋ ወለል ላይ ተለጠፉ። አስረስ ጉንጩ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ተጋድሞ የሚጸልየውን ፈለገ። ለሳምንታት የለመነው ልመና፣ በእትዬ ደብሬ ፊት እንዳያፍር የሚለው፣ አፉ ላይ አልመጣ አለው። እዚያ ተኝቶ ሲያስበው ትንሽ ነገር ሆነበት። ከኋላው ሀምዳን በሹክሹክታ ሸሃዳውን፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ ሲል ይሰማዋል። ይህ ሰው ለሌላ ሰው ጽዋ ብሎ ነው እዚህ የተኛው። አስረስ ስለዚህ ሰው፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ደወሉ «ተመስገን» አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ብዙ ጊዜ ቆዩ። ሁለተኛ ጥይት አልመጣም።

መረቡን ሲስቡ መጀመሪያ የመጡት ሁለት አምባዛዎች ናቸው። የማኅበሩ ሰዎች ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበሉም። ሀምዳን ራሱን ነቀነቀ። አስረስም ለሚበላ ይሆናል ብሎ ወደ ጎን አደረጋቸው። ቀጥሎ ያለው የመረቡ ክፍል ግን ከበደ። በሁለት ሰው ጉልበት ሲወጣ ባለ ቅርፊቱ ቆሮሶ እንደ ብር እያብለጨለጨ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተገላበጠ መጣ። ለሳምንታት ማንም ያላጠመደበት ውሃ ነበር። ታንኳዋ ወደ ታች ዝቅ እስክትል ሞሉ።

ሀምዳን ፊቱ በውሃ ርሶ፣ ጢሙ ላይ ቅርፊት ተለጥፎ ሳቀ። «ሳዑዲ ስድስት ዓመት የፈለግኩት እዚህ ነበር ለካ» አለ። «አልሐምዱሊላህ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አስረስ ቤቱ ሲደርስ ሀምዳን ዓሣውን አውጥቶ ጨርሶ ነበር። እንጉዳይና የሀምዳን ሚስት ፈዲላ አብረው ቅርፊቱን ይፍቃሉ፤ ከፊሉ ትልቁ ድስት ውስጥ በበርበሬ እየተሠራ ነው፤ ከፊሉ ፍም ላይ ይጠበሳል። ንፍሮው በስሏል። የጎደለው መጠጡ ነበር። ብቅል የለም፤ ጌሾ የለም። ፈዲላ በእንስራ ያመጣችውን ነገር ከጓዳ በር ላይ አስቀምጣ፣ ይጠቅም እንደሆነ ብላ ቆማለች። ቀሪቦ ነበር፤ እስላሞቹ ለበዓላቸው ከተቆላ ገብስ የሚሠሩት፣ የማያሰክር መጠጥ። ለልጇ መውሊድ ብላ ደብቃ ካስቀረችው ገብስ የሠራችው ነው።

ሰው መምጣት ጀመረ። የቀሩት የማኅበሩ ቤተሰቦች መጡ። መምሬ አድማሱ መጡ። ሽታውን ተከትሎ ያልተጠራም መጣ፤ ከውጫሌ ተፈናቅለው ትምህርት ቤት ያደሩ፣ የሀምዳን ዘመዶች፣ ወፍጮ ቤቱ የተዘጋበት ኑርዬ። ግቢው ሞላ። እትዬ ደብሬ ግን አልነበሩም።

አስረስ ራሱ ሄደ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። በራቸው ተሰብሯል፤ የእህል ጎተራቸው ባዶውን አፉን ከፍቶ ይታያል። ፊታቸው አንሶ ነበር። ሲያዩት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልታሾፍብኝ ነው የመጣኸው?»

«እንኳን አደረሰዎት ልል ነው የመጣሁት። እርስዎ ሳይኖሩ አይጀመርም።»

«ባዶ እጄን ማኅበር ሄጄ አላውቅም።»

አስረስ ብዙ ቃል አልነበረውም። ያለውን አንድ ነገር አወጣ። «እትዬ፣ በሰባ ሰባት ባቄላ የበሉት ሰዎች እኮ ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት» አላቸው።

እትዬ ደብሬ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። አስረስ ከመሬት አንሥቶ ሰጣቸው፤ አብረው ሄዱ።

መምሬ አድማሱ ከመባረካቸው በፊት ቀሪቦው በጽዋዋ ተቀድቶ ቀረበላቸው። ቀለሙን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። እንጉዳይ ነገረቻቸው፤ ማን እንደሠራውም ነገረቻቸው። ፈዲላ ወደ አጥሩ ጠጋ አለች፤ ጥፋት ያጠፋች መሰላት።

«ከምንድን ነው?» አሉ መምሬ።

«ከገብስ» አለች እንጉዳይ።

መምሬ ወደ ፈዲላ ዞሩ። «ገብሱን ያበቀለው ማነው ልጄ?»

ፈዲላ መሬት መሬት እያየች፣ «አላህ ነው አባ» አለች።

«እኔም እሱኑ ነው የምለው» አሉና መስቀላቸውን አነሡ። ከባረኩ በኋላ መጀመሪያ ቀምሰው ለእትዬ ደብሬ ሰጧቸው። እሳቸውም ጠጡ፤ አገጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ለሚቀጥለው አሳለፉ።

ምግቡ ሲቀርብ እንጉዳይ በልማድ ሁለት ቦታ ልትከፍለው ሳህን አነሣች። የማን ለማን እንደሚቀርብ ለመለየት ቆም አለች። ሀምዳን ሳቀባት።

«ምኑን ትለያለሽ እንጉዳይ? ዓሣ እኮ በስመ አብም ቢስሚላሂም አይጠብቅም፤ ከውሃ ሲወጣ አልቆለታል።»

እንጉዳይ ሳህኑን መልሳ አስቀመጠች። ትልቁ ድስት መሀል ወጣ። በደኅናው ዘመን በኅዳር ሚካኤል ሁለት ድስት ነበር የሚጣደው፤ ያን ዕለት አንድ ሆነ። መምሬ አድማሱና ኑርዬ ከአንድ ትሪ እሾህ እያወጡ በሉ። የተፈናቀሉት ሴቶች ለልጆቻቸው ሥጋውን እየለዩ አጎረሱ። እትዬ ደብሬ አንዱን ቆሮሶ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጨርሰው፣ አጥንቱን እንደ ማበጠሪያ ንጹሕ አድርገው አስቀመጡት። «በሁለት በግ ሁለት ድንኳን ስደግስ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጬ አላውቅም» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። አስረስ ግን ሰማቸው። ያን ጊዜ የተሰማውን ኩራት ኋላ ለእንጉዳይ ሊነግራት ሞክሮ አልቻለም። በእሱ የተደረገ ነገር ሆኖ የእሱ አልነበረም። እንደዚያ ያለ ኩራት እንዳለ አያውቅም ነበር።

የታኅሣሡ ተረኛ ሸሽቶ ስለሄደ ማን እንደሚረከብ ሲጠየቅ እትዬ ደብሬ ተነሡ። ቤታቸው ባዶ እንደሆነ፣ ምን እንደሚደግሱ እንደማያውቁ ለሁሉም ተናገሩ። ጽዋ ለማሳደር ግን ጎተራ አያስፈልግም አሉ።

አስረስ ሊሸኛቸው ተነሣ። በአንድ እጁ ለሁለት የአልጋ ቁራኛ ጎረቤቶች የተቀመጠ ዓሣ በቅርጫት ይዟል። በጓሮ በጓሮ ሊወስዳቸው ሲል እትዬ ደብሬ ቆሙ።

«ጽዋ በጓሮ አይሄድም» አሉ። «በአስፋልቱ ነው።»

ሄዱ። ማዕዘኑ ላይ ሁለት ታጣቂዎች ነበሩ። አንደኛው፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ፣ መሣሪያውን አስተካክሎ አስቆማቸው። በነጩ ሻሽ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀ።

«ጽዋ ነው» አሉት እትዬ ደብሬ። «የሚካኤል።»

ልጁ ዐይኑን አጨናበሰ። «ዛሬ ሚካኤል ነው?» አለ በተቆራረጠ አማርኛ። ቀኑ ጠፍቶበት ነበር።

«ኅዳር ሚካኤል ነው።»

ልጁ በቀኝ እጁ አማተበ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዐይኑ ወደ ቅርጫቱ ሄዶ ተመለሰ። አስረስ ጎተራው ትዝ አለው፤ በጉ ትዝ አለው፤ ውሃው ላይ ያፏጨችው ጥይት ትዝ አለችው። የተኮሰው ይህ ልጅ ሊሆን ይችላል። እትዬ ደብሬ የሚናገሩትን ፈርቶ ጠበቀ። ምላሳቸውን ያውቀዋል።

«በልተሃል?» አሉት ልጁን።

ልጁ ምራቁን ዋጠ።

«ስጠው» አሉት አስረስን።

የአስረስ እጅ ለመዘርጋት ዘገየ። እትዬ ደብሬ አላጣደፉትም፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ዐርብ ጠዋት ታንኳ ውስጥ ተኝቶ «ተመስገን» ማለቱ ትዝ አለው። ዓሣው የእሱ እንዳልነበረ ያኔ ያውቅ ነበር፤ አሁን መርሳት አልቻለም። ቅርጫቱን ከፍቶ ትልቁን መረጠ፤ አንድ ደግሞ ለጓደኛው ጨመረ። ልጁ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ተቀበለና፣ ዓሣው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

አለፉ። ጥቂት እንደሄዱ እትዬ ደብሬ እንደገና ቆሙ። አስረስ ደክሟቸው መስሎት ክንዳቸውን ሊይዝ ቀረበ።

«ከኋላዬ አትሂድ» አሉት። «የዘንድሮ ኅዳር ደጋሽ አንተ ነህ። ከጎኔ ሁን፤ ሰው ይየን።»

ከጎናቸው ሆነ። ለሳምንታት የተዘጉ በሮች እነሱ ሲያልፉ ገርበብ ይላሉ። አንዱ ከውስጥ፣ ሌላዋ ከደጅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እንኳን አደረሳችሁ ይላቸው ጀመር። እትዬ ደብሬ ጽዋዋን ይዘው ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሳሉ። አስረስ ግን በአስፋልቱ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ ለእያንዳንዱ በር ስም እየጠራ መለሰ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ፤ ቀጣዩ በር ላይም አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለውም አለ፤ ድምፁ እየጠራ፣ እየጠነከረ ሄደ።